ሁለቱ ፔዳሎች

ተቃውሞው በበረታበት ሰሞን ቤዝ ጊታሬን ይዤ ወደ ሱሉልታ ስሄድ ሚኒባሳችንን ለፍተሻ አስቆሙት። ወታደሩ ከቦርሳዬ ባትሪና ሽቦ ያላቸው ሁለት የብረት ሳጥኖች አወጣ። ፉዝና ዲስቶርሽን የሚባሉ፣ በእግር የሚረገጡ የጊታር ፔዳሎች ናቸው፤ ልምምድ ላይ ላወዳድራቸው ነበር።

«ምን ይሠራሉ?»

«የጊታሩን ድምፅ ያሻክራሉ።»

«ድምፅ ለማበላሸት ሁለት ያስፈልጋል?»

«ፉዙ ጭራሽ ይቀደዋል። በዲስቶርሽኑ ግን እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይሰማል።»

አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዶ መሣሪያውን ደገነ። «አስፋልቱ ላይ አድርገህ አንተው ርገጣቸው።»

ካልተሰኩ ስለማይበሩ ጊታሩን ሰካሁ። ምን እንደሆኑ እያወቅኩ ፊቴን አዙሬ በየተራ ረገጥኳቸው። ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ በራ።

«ሂድ» አለኝ።

ወደ ሚኒባሱ ስመለስ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ወደ ኋላ ወንበር ተዛውረዋል። ሳያዩኝ፣ «አይክፋህ ልጄ፣ ልጆች አሉኝ» አሉ።