እሺ ባዩ መሪ

ከሞላሌ ወደ ደብረ ብርሃን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ዓሣ ማጥመጃ የያዘ የከተማ ልጅ አጠገቡ ላሉት እናት ያማርራል።

«መንገድ መሪ ቀጥሬ ወንጪት ወንዝ ወረድኩ፣ እማማ። ቀኑን ሙሉ አንድ ዓሣ አልያዝኩም!»

«ሰውዬው ወንዙን አያውቀውም እንዴ?»

«ያውቀዋል እንጂ! የሚያናድደኝስ እሱ አይደል? ልንመለስ ስንል ለራሱ ከታች ካለው ጥልቅ ውሃ ሦስት አወጣ።»

«አንተ የት ነበርክ?»

«ከላይ፣ ድንጋዩ ላይ።»

«እዚያ ማን አስቀመጠህ?»

«ራሴ ነኝ። ግን ጠይቄዋለሁ! ‹እዚህ ጥሩ ነው፣ አይደል?› ስለው ‹ጥሩ ነው ጌታዬ› አለኝ።»

«ወይ ጉድ! ይኼ መጠየቅ ነው? ጥሩ ነው ብለህ ከጨረስክ በኋላ፣ የመንዝ ሰው እንግዳውን ‹ተሳስተሃል› ይበል?»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«‹አንተ ብትሆን መንጠቆህን የት ትጥላለህ?› በለዋ! ከዚያ አፍህን ይዘህ ተከተለው።»

«እሺ፣ አሁን ገባኝ» አለና ወደ እኔ ዞረ። «መስኮቱን ብከፍተው አይበርድዎትም፣ አይደል?»

«ኧረ ግድ የለም» አልኩት።

ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ድረስ ሳብኩት።