ሠላሳ አንድ ጊዜ ዜሮ የተባለው የአቶ ዋለልኝ ሕመም

የአቶ ዋለልኝ ገብረጻድቅን የመጨረሻ ሽኝት ለመፈጸም በዚህ ጭንብል አድርጋችሁ፣ ተራርቃችሁ የቆማችሁ፣ በመኪናችሁ ውስጥ ሆናችሁ በስልክ የምታዳምጡም ወገኖች፤ ይህን ዜና ሕይወት የጻፉት የባለቤታቸው ታላቅ እኅት ወይዘሮ ስሜነሽ ውብሸት ሲሆኑ፣ አስቀድመው ያዩት ሽማግሌዎች እንዲለዝብ ለምነው ነበር። «ባደረባቸው ድንገተኛ ሕመም» ብሎ ማለፍ ለሟቹም ለቤተሰቡም ክብር ነው ተባለ። ጸሐፊዋ እንቢ አሉ። አቶ ዋለልኝን የገደላቸው ቡአ ነው፤ ድንገተኛም አልነበረም፤ ስለዚህ እንደተጻፈው ይነበባል።

አቶ ዋለልኝ ከአባታቸው ከአቶ ገብረጻድቅ መኮንን እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታዬ ተሰማ በ1952 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በከተማው የታወቁ ልብስ ሰፊ ስለነበሩ፣ ልጅየው ፊደል ሳይለዩ ቁልፍ መትከል የቻሉ፣ ኋላም ዳዊት ደግመው ዘመናዊ ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል የተከታተሉ ነበሩ። ከእናታቸው የወረሱት ደግሞ አንድ ጠባይ አለ፤ ወይዘሮ ፋንታዬ ወባ ጥሏቸው ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ እንኳ «እንዴት አደሩ?» ለሚላቸው ሰው ከ«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» በቀር መልስ አልነበራቸውም። ይህ የሁላችንም አስተዳደግ ነው። እዚህ የተነሣውም ኋላ ስለምንመለስበት ነው።

በቀይ ሽብር ወራት የክፍል ጓደኞቻቸው ሲታፈሱ ወደ ሱዳን ተሰደው፣ ገዳሪፍ ላይ በአባታቸው ሙያ ስድስት ዓመት ኖረው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1984 በስደተኝነት አሜሪካ ገቡ። በ1989 ወደ ላስ ቬጋስ መጥተው፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ከወይዘሮ ጽጌወይን ውብሸት ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው፣ ያፌትንና ሀሌታን ወለዱ። ዳውንታውን በሚገኝ አንድ ሆቴል ሃያ ስምንት ዓመት በሻንጣ ተሸካሚነት፣ ሁላችንም እንደምንለው በቤልማንነት ሲያገለግሉ፣ የሥራ ፈረቃቸውን ለሌላ ሸጠው ወይም አርፍደው አያውቁም። ከዚህ ከቆምነው መካከል መጀመሪያ ሥራውን ያስገቡት፣ ዩኒፎርሙን በገዛ እጃቸው አጥብበው የሰፉለት ሰው ጥቂት አይደለም።

በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2018፣ አንድ ከባድ ሻንጣ ከመኪና ሲያወርዱ ብሽሽታቸው ላይ የሆነ ነገር ሸተት አለ፤ በሳምንቱም እንቁላል የምታህል እብጠት ወጣች። ሲተኙ ትገባለች፣ ሲቆሙ ትመለሳለች። ይህን ለባለቤታቸው ብቻ ነግረው፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ ብለው አስማሏቸው። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በልጅነታችን ቡአ ያለበት ሰው በመንገድ ሲያልፍ ምን ይባል እንደነበር፣ ማን ይስቅ እንደነበር የማያስታውስ እዚህ የለም፤ ያንን ሳቅ ባሕር አሻግረን ይዘነው መጥተናል። በሳቅ የተጀመረውን ዛሬ በእንባ መጨረስ ያሳፍራል።

በመጋቢት 2020 ካዚኖዎቹ ተዘጉ፤ አቶ ዋለልኝ ሥራቸው ቆመ፣ በግንቦት ደግሞ ኢንሹራንሳቸው ተከተለ። በዚህ መካከል ሜዲካል ዲስትሪክት በሚባለው የሆስፒታሎች ሰፈር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ በቡአ ላይ ጥናት እንደሚካሄድ ሰሙ። ጥናቱ የሚጠይቀው ቡአ ወዲያው በቀዶ ጥገና ቢጠገን ይሻላል ወይስ ብዙ ለማያመው ሰው እየተከታተሉ መጠበቅ ይበቃል የሚለውን ነበር፤ ጥያቄው ራሱ ክፉ አልነበረም። ማን እንደሚቀደድ፣ ማን እንደሚጠብቅ ኮምፒዩተር ዕጣ ያወጣል። ለአቶ ዋለልኝ መጠበቅ ወጣላቸው። ሆኖም በጥናቱ ሕግ፣ በየሳምንቱ በስልክ ሲጠየቁ ሕመማቸው ከዜሮ እስከ አሥር አምስት ከደረሰ፣ ዕጣው ቀርቶ ያለ ክፍያ ወዲያው ቀዶ ጥገና ይደረግላቸዋል። ይህችን አንቀጽ የያዘው አሥራ አራት ገጽ ወረቀት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ተዘጋጅቶ ነበር። በአማርኛ አልነበረም።

ስልኩ በየማክሰኞው ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ይደወላል። ክሊኒኩ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ እያለበት፣ የምትደውለው ሴት ሀሌታ የኪንደርጋርተን ተማሪዎቿን ከቤት ሆና ስለምታስተምር አጠገባቸው እንዳለች ስታውቅ፣ ልጅዎ ትበቃለች አለች። ሀሌታ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ አማርኛዋ አባቷን ለመውደድ ይበቃል፣ ለሕክምና ግን አይበቃም። ሕመሙን የሆድ ነገር ይመስላት ነበር፤ ማንም አልነገራትምና። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ «አባዬ፣ ፔይንህ ከዜሮ እስከ ቴን ስንት ነው?» ትላለች። እርሳቸውም በሴት ልጃቸው ፊት ብሽሽት የሚለውን ቃል ከሚናገሩ ሞትን የሚመርጡ ሰው ስለነበሩ፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ በያት» ይላሉ። ሀሌታ ደህና ነው ትላለች። ሴትዮዋ ዜሮ ብላ ትመዘግባለች። ከሰኔ እስከ ጥር መግቢያ ሠላሳ አንድ ማክሰኞ፣ ሠላሳ አንድ ዜሮ! አንድ ሰው ሠላሳ አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም አያመኝም ሲል ያልገረማቸው ተመራማሪዎች ምን ይመራመሩ እንደነበር ቤተሰቡ እስካሁን ሊገባው አልቻለም። በሰባት ወር ውስጥ እጁን አሳርፎ ያያቸው አንድ ሐኪም አልነበረም።

ወይዘሮ ጽጌወይን ግን ያዩ ነበር። በነሐሴ ጫማቸውን ማሰር አቃታቸው፤ በመስከረም ቤታቸው በር ላይ ያሉትን ሦስት ደረጃዎች በሁለት ዕረፍት ወጡ፤ በኅዳር ቆመው ያስቀድሱ የነበሩት ሰው መቋሚያቸውን ታቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ሰው ሲያያቸውም ጉልበቴ ነው አሉ። ባለቤታቸው መሐላቸውን ጠበቁ። ዛሬ በዚህ ምን ያህል እንደተቃጠሉ የሚያውቀው ፈጣሪ ነው፤ ጸሐፊዋ እኅታቸውም ተቆጥተዋቸዋል፣ ታርቀዋቸዋልም። አቶ ዋለልኝንም ተቆጥተዋል። እርሳቸውን መታረቅ ግን ገና አልሆነላቸውም።

የገና ዕለት ጠዋት እብጠቷ አልገባ አለች፤ ጠንክራ ቀላች፤ ማስመለስ ጀመራቸው። ለእንኳን አደረሰዎ ለደወለው ሁሉ፣ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ደውላችኋል፣ ደህና ነኝ እያሉ እስከ ቀትር ቆዩ። ከዚያ ራሳቸውን ሳቱ፤ አምቡላንስ ተጠራ። በወረርሽኙ ሕግ ምክንያት ቤተሰብ አብሯቸው አልገባም። ሐኪሞቹ የታነቀውን አንጀት ቀደው ቢያወጡም ጠቁሮ፣ መርዙ ደማቸውን ይዞት ስለነበር፣ ቅዳሜ ጥር 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በስድሳ ዓመታቸው ዐረፉ። ሀሌታ ከሆስፒታሉ የተቀበለችውን ወረቀት ስታነብ አንድ መስመር ላይ ቆመች። ከቀዶ ጥገናው በፊት ነቅተው ሳለ፣ በስክሪን ላይ አማርኛ የሚናገር፣ የማያውቃቸው ወንድ አስተርጓሚ ቀርቦላቸው፣ ሕመምዎ ስንት ነው ሲባሉ፣ አቶ ዋለልኝ «አሥር» ብለው ነበር። ሰው አጥተው እንጂ ቁጥሩን አጥተውት አልነበረም።

በተከታዩ ማክሰኞ፣ መሞታቸውን ያልሰማችው ደዋይ እንደ ልማዷ ደወለች። ሀሌታ ነገረቻት፤ ከዚያም ዜሮዎቹ ሁሉ ስሕተት ናቸውና ይሰረዙ አለች። ሴትዮዋ አዝናለች፤ ነገር ግን በታማሚው አንደበት የተሰጠ ቁጥር አይቀየርም፣ አባትሽ እስከ መጨረሻው ሳምንት ያልታመሙ ተብለው ይቆጠራሉ አለቻት። ይህ ማለት ነገ ጥናቱ ታትሞ፣ ሌላ ሻንጣ ተሸካሚ «መጠበቅ ይችላሉ» ሲባል፣ ማስረጃው የአቶ ዋለልኝ ዝምታ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ብሽሽት የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ እየተናገሩ፣ ሠላሳ አንዱን ሳምንት አንድ በአንድ ጽፈዋል፤ ደረጃው ስምንት፣ ጫማው ስድስት፣ የኅዳሩ ቅዳሴ ዘጠኝ። ደብዳቤው ከሆስፒታሉ ወረቀት ጋር ለጥናቱ ኃላፊዎችና ጥናቱን ለፈቀደው ቦርድ ተልኳል። መልስ እስኪመጣ ቤተሰቡ ዝም አይልም።

አቶ ዋለልኝ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጽጌወይንን፣ ከሲያትል የመጣውን ልጃቸውን ያፌትን፣ ሀሌታን፣ የልጅ ልጃቸውን ማያን፣ ደብረ ታቦር ያሉትን እኅታቸውን ወይዘሮ ገንዘቤን፣ እንዲሁም ዩኒፎርማችሁን የሰፉላችሁን እናንተን ትተው ሄደዋል። ቸሩ አምላክ በምድር ያልተናገሩትን ሕመም እርሱ ሰምቶ፣ ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

አሁን ስንለያይ፣ እንደ ወጋችን ተሰልፋችሁ ሀሌታን «ደህና ነሽ ወይ?» እንደምትሏት ይታወቃል። ደህና አይደለችም። ይህንኑ እንድትመልስላችሁ ተነግሯታልና፣ የምትጠይቋት ቆማችሁ ስሟት።