እንሰት እየተፋቀ የተጠና እንግሊዝኛ

ከሀቢቾ ወደ ሆሳዕና በታክሲ ስሄድ ሹፌሩ ያፈጥናል ብዬ ስለምሰጋ ዓይኔን ከመንገዱ አልነቅልም። ዛሬ ግን አጠገቤ አንድ አባት ነገ እንግሊዝኛ የምትፈተን ልጁን ሲጠይቃት ጆሮዬ ወደ እነሱ ሄደ።

«‹ፒክ አፕ› ማለት?»

«ከመሬት ማንሳት።»

«ሌላ?»

«መንገድ ላይ ተሳፋሪ መጫን።»

«ሌላስ?»

«ቋንቋ ከሰው እየሰሙ መልመድ።»

«እንደ አንቺ የገበያ አማርኛ! አንድ ይቀርሻል።»

«ጠፋኝ፣ አባዬ።»

«ገበያ መድራት ነዋ!»

«እንዴ! አንተ እንግሊዝኛ የት ተማርክ?»

«እንሰት እየፋቅሽ ጮክ ብለሽ ስታጠኚ ከአጥሩ ማዶ እሰማሽ ነበር።»

«ነገ ፈተናው ላይም እንዲህ ቢጠፋኝስ?»

«እንሰት እየፋቅሽ እንደሆነ አስቢ፤ ይመጣልሻል።»

ሆሳዕና እስክንደርስ ድረስ መንገዱን ረስቼ፣ ጉልበቷ ላይ ያረፉትን እንሰት ፋቂ እጆቿን ሳይ ቆየሁ።