ዘግይቶ የደረሰው የእታለም ሹመት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ዘመድ ወዳጆች፣ የሥራ ባልደረቦች፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን ታላቅ እህታችንን ቤተሰቡም፣ ሰፈሩም፣ መሥሪያ ቤቱም የሚጠራቸው እታለም እያለ ነውና፣ እኔም ታናሽ ወንድማቸው ዜና ሕይወታቸውን ሳነብላችሁ በዚሁ እጠራቸዋለሁ። የሥራ ማዕረጋቸውን በተመለከተ ግን ቤተሰቡ የሚለው ነገር ስላለው፣ እስከዚያው በትዕግሥት እንድታዳምጡኝ እለምናለሁ።

እታለም ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የተወለዱት በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከዋናው በር አጠገብ በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል የዘበኛ ቤት ነው። አባታችን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ነበሩ። መምህር ሲገባ ተረከዛቸውን አጋጭተው ሰላምታ ስለሚሰጡ ተማሪዎቹ ኮሎኔል ብለው ሾሟቸው፤ እሳቸውም ሹመቱን ሳያቅማሙ ተቀበሉ፤ እናታችንም ሳይጠየቁ የኮሎኔል ባለቤት ሆነው አረፉት። አንድ ቀን እውነተኛ ኮሎኔል ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጥተው ኖሮ፣ አንድ ተማሪ ከወዲያ ማዶ “ኮሎኔል!” ብሎ ሲጣራ ሁለቱም እኩል ዞሩ። ግቢው በሳቅ ሲፈነዳ ያልሳቁት እታለም ብቻ ነበሩ። ማታ “አባባ፣ ለመሆኑ ማን ሾመዎት?” ብለው ጠየቁ፤ አባታችንም “ሕዝብ!” ብለው ደረታቸውን ነፉ። እታለም ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ያልተሰጠ ማዕረግ ከሰው እንደተዋሱት ጫማ ሆኖ ይታያቸው ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው ግቢ ከተከታተሉ በኋላ፣ ኮሌጅ ገብተው በቋንቋ ተመርቀው፣ በማተሚያ ቤቱ ማረሚያ ክፍል ተቀጠሩ። ሥራቸው ከማተሚያ መኪናው የወጣውን የሙከራ ኅትመት እያነበቡ፣ ስህተቱን በቀይ እስክሪብቶ ምልክት እያደረጉ ወደ ኅትመት ክፍል መመለስ ነበር። ከሥራው ሁሉ ደስ የሚላቸው የስም ካርድ ነበር። ማዕረጉ ከመብዛቱ የተነሳ ካርዱ ታጥፎ ካልሆነ አይበቃኝም ያለ ነጋዴ፣ ትምህርቱን ሳይጨርስ ዶክተር ተብሎ እንዲታተምለት ጠይቆ “ኧረ የኔ እመቤት፣ ካርዱ እስኪያልቅ እደርስበታለሁ” ያለ ጎልማሳ፣ በጋራ ካርዳቸው ላይ ከባሏ ስም በላይ ስሟ በትልቁ እንዲጻፍ ያዘዘች ሙሽራ፣ ይህን ሁሉ ማታ ቤት ሲያወሩልን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። የጎልማሳውን ዶክተርነት ግን ሰርዘው መልሰውለታል።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙትም በካርድ ነው። ሰውየው የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ ለሚያስጠኗቸው ልጆች ወላጆች የሚሰጡት ካርድ ሲያሳትሙ ከስማቸው በፊት መምህር ከሚለው በቀር ምንም አላስጻፉም። እታለም “ሌላ የሚጨመር የለም?” ቢሏቸው “ይበቃኛል” አሉ። “ቀና ብዬ ያየሁት ያን ጊዜ ነው” ይሉ ነበር እታለም። በትዳር አንድ ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል፤ ባለቤታቸው በልብ ሕመም ከተለዩአቸው በኋላም ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳድገው ለቁም ነገር አብቅተዋል።

እነሆ ወደ ማዕረጉ ደረስን። የማረሚያ ክፍሉ ኃላፊ ለአጭር ሥልጠና ብለው ሄደው በዚያው ሲቀሩ፣ እታለም በተጠባባቂ ኃላፊነት ተተኩ። በማተሚያ ቤቱ የቆየ ልማድ አለ። ሹመቱ የጸናለት ኃላፊ ስሙና ማዕረጉ ያለበት ካርድ ይታተምለታል፤ ያተመው ሠራተኛ ራሱ ሳጥኑን ተሸክሞ ወደ ጠረጴዛው ይወስድለታል፤ ሠራተኛውም ተራ በተራ እየመጣ እንኳን ደስ ያለህ እያለ አንዳንድ ካርድ ይወስዳል። ለተጠባባቂ ግን ካርድ አይታተምም፤ ጊዜያዊ ነው ይባላል። ያ ጊዜያዊ ነገር የእታለም ጥቁር ፀጉር ሸብቶ እስኪያልቅ ድረስ ቆየ። ከእሳቸው በኋላ የተቀጠሩት ሁሉ ኃላፊ ሆኑ፤ የሁሉንም ካርድ አርመው ያሳለፉት እታለም ናቸው፤ ሳጥኑ በበራቸው እያለፈ ወደ ሌላ ክፍል ሲሄድ ተነሥተው ያጨበጨቡትም እሳቸው ናቸው።

አልጠየቁም እንዳይባል ጠይቀዋል። አንደኛው ሥራ አስኪያጅ “ትንሽ ታገሺ” አሉ፤ ሁለተኛው “ፋይልሽን ገና አላየሁትም” እንዳሉ ተዛወሩ። የአሁኑ ሥራ አስኪያጅ ግን ብልህ ናቸው። በየስብሰባው “እናታችን!” እያሉ ያስጨበጭቡላቸዋል። እናት ደግሞ ምን ሹመት ትጠይቃለች? እታለም ከስብሰባ ተመልሰው ጫማቸውን እያወለቁ “ሁለት ልጅ ወልጄ መቶ ሰው እናቴ ይለኛል፤ ኃላፊዬ የሚለኝ አንድ ጠፋ!” ያሉትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስቀው ነው ያሉት። ሳቃቸው ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጡረታቸው ሲቃረብ ኩላሊታቸው ታመመ። ሆስፒታል ሲገቡ መዝጋቢዋ ሥራቸውን ብትጠይቃቸው “ተጠባባቂ ኃላፊ” አሉ። ልጃቸው “እማዬ፣ እዚህ እንኳ ኃላፊ በይ፣ ማን ያይሻል?” ብትላቸው “ያልሰጡኝን ከየት ላምጣው ልጄ?” ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የኅትመት ክፍሉ አንጋፋ ሠራተኛ፣ የረጅም ዘመን ወዳጃቸው፣ ሊጠይቋቸው መጥተው “እታለም ሙች፣ ዛሬውኑ ካርድሽን አትሜ አመጣልሻለሁ” ሲሏቸው መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥሎ አለቀሱ፤ እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁም “በስርቆሽ አልፈልግም። ይህን ሁሉ ዘመን የጠበቅሁት ካርዱን መሰለህ? ‘ይገባሻል’ የሚለኝ አፍ ነው የጠበቅሁት” አሏቸው። ሕክምናው በብዙ ድካም ቢቀጥልም ሊድኑ አልቻሉምና ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በልጆቻቸው መካከል፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። ትናንት እኚሁ አንጋፋ ሠራተኛ በሥራ አስኪያጁ ትእዛዝ አንድ ሳጥን ተሸክመው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ፣ ለቅሶ ቤት ገቡ። ከውጭ የተለጠፈው ካርድ የእታለም ስም አለበት፤ ከሥሩም የማረሚያ ክፍል ኃላፊ ይላል። ተጠባባቂ የሚለው ቃል የለም። በሕይወት ሳሉ አንድ ፊርማ የጠፋለት ሹመት፣ ለሬሳቸው በአንድ ቀን ጸደቀ። ሥራ አስኪያጁም ካርዱ እንደ ልማዱ ለለቀስተኛው ይታደልልን ብለው ልከዋል።

አንዳንዶቻችን ለክብራቸው ሲባል እንቀበል አልን። ልጃቸው ግን ሳጥኑን ሳትከፍት ከእናቷ ቦርሳ ቀዩን እስክሪብቶ አውጥታ፣ ማተሚያ ቤቱ ለዛሬ ባዘጋጀው የዜና ሕይወት የሙከራ ኅትመት ላይ ኃላፊ ከሚለው ቃል ፊት ተጠባባቂ ብላ ጨመረችበት፤ “እማዬ ብታየው ይህን አታሳልፍም ነበር” አለች። ስለዚህ በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ ያለው ማዕረግ ስህተት አይደለም፤ የታረመ ነው። ሳጥኑም እንደታሸገ ከፊት ረድፍ፣ ከክቡር ሥራ አስኪያጁ ወንበር አጠገብ ተቀምጧል፤ ሲመለሱ ይዘውልን እንዲሄዱ ቤተሰቡ በትሕትና ይጠይቃል።

እታለም ነርስ ሴት ልጃቸውንና መካኒክ ወንድ ልጃቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ጠረጴዛቸውን ለሚቀጥለው ተጠባባቂ ትተው አልፈዋል። ሐዘናችንን ልትካፈሉ ሥራችሁን ትታችሁ፣ ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁትን ሁሉ አምላክ ብድራችሁን ይክፈልልን። የእታለምን ነፍስ ደግሞ፣ እባክህ ጌታ ሆይ፣ አንተ እንኳ ሳታስጠብቅ ተቀበልልን።