ያልታሰረው ጭነት

በጭነት ሹፌሮች ዘንድ ጋሽ ቋጠሮን የማያውቅ የለም። ገመድ አሳሰራቸው ለጉድ ነው፤ እሳቸው ያሰሩት ዕቃ መንገዱ የቱንም ያህል ቢያንገጫግጨው ንቅንቅ አይልም። “ያልታሰረ ዕቃ ጭነት አይባልም፤ የተወረወረ ድንጋይ ነው” ይላሉ።

አንድ ጠዋት ባለ መስታወት ቁም ሣጥን ጭነው ሲሄዱ የእህታቸውን ልጅ ሆስፒታል በር ላይ ቆማ አገኟት። የድንገተኛ ክፍል ነርስ ናት፤ ከአዳር ተራዋ መውጣቷ ነበር። አቆሙላት። ገብታ የደህንነት ቀበቶዋን አሰረችና ዞር ስትል የእሳቸው ቀበቶ በጀርባቸው ዞሮ ተቆልፏል።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ካልታሰረላት መኪናዋ ጢጥ ጢጥ እያለች ታደርቀኛለች። አፏን ዘጋሁላት።”

“መኪናዋንስ አታለሏት። የሚጋጩትን ግንብስ ያታልሉታል?”

“አንቺ ልጅ፣ ነጻ ሰው ታስሮ አይሄድም። ደግሞስ እሳት ቢነሳ ታስሬ ልቃጠል?”

“እሳት የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው። ቢነሳስ፣ ፈቶ የሚወጣው ራሱን ያልሳተ ሰው አይደል? በግንባሩ መስታወት የሰበረማ ምኑን ይፈታል?”

“እኔ መሪዬን ጥርቅም አድርጌ ነው የምይዘው።”

“ጥርቅም አድርገው የያዙትንም እኔው ነኝ የምቀበላቸው። መኪናው ሲቆም ሰውየው አይቆምም፤ በነበረበት ፍጥነት ይቀጥላል። ያንን ፍጥነት ክንድ አይመልሰውም። አልዋሽዎትም፣ ያሰረም ይጎዳል፤ ትከሻው ላይ ሰንበር ይዞ ይመጣል። እኛ ግን ሰንበሩን ስናይ ደስ ይለናል። ብዙውን ጊዜ ከነሰንበሩ ቤቱ ይገባል።”

ጋሽ ቋጠሮ በክርክር እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም። “ሰንበሩን ለእናንተው ትቼዋለሁ” ብለው ሊስቁ ሲሉ፣ አንዲት መኪና ከአንድ ግቢ በኋላዋ ፊታቸው ውልቅ አለች። ፍሬን ረገጡ።

መኪናው ቆመ። ጋሽ ቋጠሮ አልቆሙም። ደረታቸው ከመሪው ተላተመ፣ ከንፈራቸው ተሰነጠቀ። ልጅቱን ግን ቀበቶዋ ያዛት፤ ከመቀመጫዋ አልተነሳችም።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ወርደው የሮጡት ወደ ጭነቱ ነው። ቁም ሣጥኑ እንደታሰረ ነው። መስታወቱ ውስጥ ግን ከንፈሩ የደማ ሽማግሌ ቆሞ ያያቸዋል።

“ጭነቱ ደህና ነው?” አለች ተከትላ።

“ምን ይሆናል! እኔ ነኝኮ ያሰርኩት።”

“ሹፌሩንስ ማን አሰረው?”

የከንፈራቸውን ደም በእጅጌያቸው ጠረጉ።

“ይሄ ደግሞ ፍሬን ብቻ ነው፣ ጋሼ። ግጭት እንኳ አይደለም።”

ተመልሰው ገቡና ቀበቶውን ከጀርባቸው አወጡ። “በይ አሳዪኝ።”

“አንዱ በትከሻ አጥንት ላይ፣ አንዱ ከሆድ ዝቅ ብሎ ዳሌ ላይ። አጥንት ይችላል፤ ሆድ አይችልም።”

እንደ ገመድ ወጠር አድርገው ፈተኑት፤ ያዘ። “ቋጠሮ የለውም” አሉ በአድናቆት፤ “ያሰበው ሰው ግን ጭነት የሚያውቅ ነው።”

እውነታቸውን ነው። ቀበቶ ግጭትን አያስቀርም፤ ነገር ግን ሹፌሩን መቀመጫው ላይ ያቆየዋል፤ ራሱን ከመስታወት፣ ደረቱን ከመሪ ያርቅለታል፤ ለሞት ይዳርግ የነበረውን ጉዳት ብዙ ጊዜ ሰንበር ብቻ ያደርገዋል። እንዲህ በትንሽ ጨርቅ ብዙ የሚሠራ ሙያ ከየት ይገኛል?

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ቋጠሮ ሳያስሩ ሞተር አያስነሱም። አንድ ቀን መጫኛው ሜዳ ላይ አንዱ ጎረምሳ ሹፌር በመስኮት አያቸውና፣ “ጋሽ ቋጠሮ፣ እርስዎም ታሰሩ እንዴ?” ብሎ ሳቀባቸው።

“አዎ ልጄ” አሉት፤ “ማታ ቤቴ ስደርስ እፈታለሁ።”