ዝናብ ያስታረቃቸው ጠላቶች

ይህ ወሬ አንድ ሙሉ የገበያ ቀን በልቶብኛል። ከነገሌ ወደ ወደራ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት አስተማሪና አንዲት ባለሱቅ እናት ተቀምጠዋል። ወጣቷ የያዘችውን ልብ ወለድ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

«ጨረስሽው?»

«ጨረስኩት፣ አዴ። የድሮ ዘመን ታሪክ ነው። ሰውየው ወንድሟን ገድሏል፤ እሷ ደግሞ ልትገድለው ምላለች።»

«ያ ረቢ! ከዚያስ?»

«ምዕራፍ ሦስት ላይ ዝናብ መጣና አንድ ዋሻ ውስጥ ተጠለሉ። ምዕራፍ አራት ላይ ተጋቡ።»

«ጉማውስ?»

«የለም።»

«የወንድሟ የደም ካሳ ሳይከፈል? ሽማግሌ ሳይቀመጥ?»

«ሽማግሌው ዝናቡ ነው።»

«ወላሂ፣ በዝናብ የታጠበ ደም አይቼ አላውቅም! አንቺ ግን ምን እንዲህ አናደደሽ?»

«ጠላትነት እንዴት ወደ ፍቅር እንደሚለወጥ ያሳየኛል ብዬ ነበር የገዛሁት።»

«ለምንሽ?»

«ወንድሜን በመኪና ገጭቶ የገደለውን ሹፌር ያውቁታል አይደል? ታናሽ ወንድሙ ላግባሽ ብሎኛል።»

የሴትዮዋ ዘንቢል ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን አልሽው?»

«መጀመሪያ ቤተሰቦችህ ለጉማ ይቀመጡ አልኩት። ዛሬ ወደራ ላይ ይቀመጣሉ።»

«ትወጂዋለሽ እንዴ?»

«አዴ፣ ባልወደው ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል?»

መውረጃዬን አልፌ ወደራ ድረስ ሄድኩ፤ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ከሩቅ ሰምቼ ስመለስ ገበያው ተበትኖ ነበር።