እስቲ እናያለን

እንደምን ዋልክ ልጄ! ሥራ እንዴት ነው? እኔማ ደህና ነኝ፤ ይሄ ጉልበቴ ብቻ ነው ደረጃ ባየ ቁጥር የሚያኮርፈው። ሱቅህ ደግሞ አምሮበታል… መደርደሪያውን ቀለም ቀባኸው እንዴ? ጎበዝ። ያን ዕለት ጣሪያችን ላይ ወጥተህ ዲሹን ካስተካከልክልን ወዲህ ምስሉ ጥርት ብሏል፤ እጅህ ይባረክ። የእህቴ ልጅም ሰላም ብላሃለች… ኧረ ቀስ፣ ሪሞቱ ወደቀ! ሰላምታ ነው እኮ ያልኩህ።

ዛሬ የመጣነው ሪሲቨር ልንገዛ ነው፤ ያ የሚቀዳውን ዓይነት። በየወሩ የሚከፈልበት ካርድ ነበረን አይደል? ተቋረጠ። ከፋይዋ የእህቴ ልጅ ሰለቻት። ለካ ስትከፍል የኖረችው አንድ ሰው፣ ሲያይ የኖረው ሌላ ሰው ነው! እና አሁን ወርሃዊ ክፍያ የሌለው፣ በነፃ የሚታየውን ሁሉ የሚይዝ፣ ቢሆን ቢሆን የሚቀዳ ይፈለጋል። መራጩ እኔ አይደለሁም፤ እኔ ምን አውቃለሁ? መራጩ ያውልህ፣ እዚያ ጥግ ካርቶን እያነበበ ያለው። የኛ ሰው ነው። ምናችሁ ነው ብለህ ግን እንዳትጠይቀኝ… እሱን ለኛም እስካሁን አልተነገረንም።

ዛሬ ጠዋት "ና፣ የሚቀዳ ሪሲቨር ምረጥልን" ስለው ከእኔ ቀድሞ በር ላይ ቆመ። እኔ እንኳ ቁመቱን ረስቼው ነበር፤ ለካ ረጅም ነው! ሶፋ ላይ ሆኖ የሰው ቁመት እንዴት ይታወቃል?

ክፉ አላወራበትም። ሰውን በቆመበት ማማት ነውር ነው፤ ማመስገን ግን ምን ነውር አለው? ትዕግሥቱን ብታይ ትገረማለህ። የዛሬውን ለነገ፣ የነገውን ለከርሞ… ችኮላ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። እኛ ቤት መምጣት ሲጀምር ይሄ ፀጉሬ ጥቁር ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? እሱ ደግሞ እንዳይፈስበት ብሎ ሳይቀዳ የቀረ ነው። እውነትም ጠብታ አልፈሰሰበትም።

ንግግሩም ቁጥብ ነው። አንዲት ቃል አለችው፣ ለሁሉም ትሆነዋለች። እኔ "እንግዲህ ሠርጉ መቼ ነው ልጄ?" እለዋለሁ፤ "እስቲ እናያለን።" ልጅቷ "ቤት እንፈልግ ወይስ እዚሁ አክስቴ ጋ እንሁን?" ትለዋለች፤ "እናያለን።" እህቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልጋ ላይ ሆና እጁን ይዛ "ሳልሞት የልጄን ቀን አሳየኝ" አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "እናያለን እማማ።" እሷ ሳታይ ሄደች። እሱ ግን ቃሉን አላጠፈም፤ ይኸው ከሶፋው ሳይነሳ እስከ ዛሬ ያያል። የሰፈር ልጆች ስም አውጥተውለታል… አይ፣ አልነግርህም። ራስህ ሳትደርስበት አትቀርም።

በል ዕቃህን አሳየኝ። ይሄ ትንሹስ? … አሃ፣ አይቀዳም፣ ማየት ብቻ ነው። ተወው ልጄ። ለማየት ብቻ የሚሆን እኛ ቤት አለ፤ ሁለተኛ ምን ያደርግልናል?

ይሄኛውስ? ሁለት መስመር? አንዱን ቻናል እያየህ በጎን ሌላውን ይቀዳል? ወይ ጉድ፣ ዕቃውም ባለጌ ሆነ! ለኛ ሰው ይሄ አይሆነውም። እውነቱን መናገር ነው፣ ሌላ ሴት ጋ ሄደ ተብሎ አንድ ቀን ታምቶ አያውቅም። ለመሄድ መነሳት ያስፈልጋላ! አንድ ቻናል ይበቃዋል፤ እሱንም ሪሞቱን ሰው ካቀበለው።

ድሮ ድሮ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይባል ነበር። ያኔ ዲሽ አልነበረማ! ዛሬ በሰማይ ያለችውም ትታያለች። ሲያያት ይውላል፣ ጥርት ብላ፣ በቀለም… ማለቡ ነው ያቃተው።

ጠንቃቃነቱንስ ነግሬሃለሁ? ባለፈው ልጅቷ ከምትሠራበት መድኃኒት ቤት እያተኮሳት ገብታ ተኛች። ሳሉ ግድግዳ ያነቃንቃል። እሱ መጣ፣ የኳስ ቀን ነበር። ሳሏን ሲሰማ ምን ያደረገ ይመስልሃል? ድምፁን ቀነሰ። የቴሌቪዥኑን! ጨዋታው እስኪያልቅ ድምፁን ቀንሶ አየላት። ከዚህ በላይ መተሳሰብ ከየት ይመጣል?

ያን ሰሞን ታዲያ አንድ ዲሽ ሰሪ ደግሞ… ማን እንደሆነ አልናገርም፣ አንተ አታውቀውም… ከጣሪያ ወረደ፣ እጁን ታጠበ፣ ስለ ዲሹ ይነግረኛል ስል "ሳሉ ቆየባት እንዴ?" አለኝ። በማግስቱ ማርና ሎሚ ይዞ በር አንኳኳ። እኔም ተናደድኩ። ዲሽ ሰሪ ምን አገባው? ሶፋችን ላይ የተቀመጠው፣ ያውም እግሩን ዘርግቶ፣ አላገባውም፤ መሰላል ይዞ የመጣውን ምን አገባው? ብዬ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን… እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ የሚያገባው ሰው ነው አልኩ።

አንገትህን አትድፋ፣ አላለቀም። ይሄ ሦስተኛውስ ምን ይሠራል? … ቀጥታ የሚተላለፈውን ያቆማል? ማለት ጨዋታው እየተካሄደ ቁልፏን ስትጫን ቀጥ? ከዚያ አንድ እንቅልፍ ተኝተህ ብትመለስ ካቆምክበት ይቀጥላል? ወይ ሥልጣኔ! አየኸው፣ ከካርቶኑ ቀና አለ፤ ይሄን ወዶታል። እንዴት አይወደው? ይቺን ቁልፍ እኮ ዕቃው ሳይሠራ ጀምሮ ሲጫናት ኖሯል።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አላዋቂ ናት ብለህ አትሳቅብኝ። እኛ ቤት ሲያቆመው እዚያ ሜዳው ላይ ያሉትም ይቆማሉ? … አይቆሙም? ይሮጣሉ? እሱ ቁልፏን ተጭኖ ተዘርግቶ ሳለ እዚያ ሌላው ያገባል? ጎል ማለቴ ነው… ጎል። ታዲያ ምስኪን፣ ጨዋታው እንዳለቀ ሳያውቅ "ገና ነው" እያለ ሊቀመጥ ነዋ! የሚነግረው ሰው የለም?

የሚቀዳበት ቦታ ሲሞላስ ምን ይሆናል? … የቆየውን ራሱ ያጠፋል? ማንም ሳያዘው? ኧረ አስተዋይ ዕቃ ነው! ሰው ይችን ለማድረግ ስንት ትራስ በእንባ ያርሳል መሰለህ። እኔ ሰምቻታለሁ፤ ግድግዳችን ስስ ነው። ትቆርጠዋለች ስል ጠዋት ፊቷን ታጥባ ሻዩን ትቀዳለታለች። አንጀቴ እርር ይል ነበር። ምን ላድርግ? አክስት እናት አይደለችም፣ በምን ሥልጣኔ ነው "ውጣ" የምለው?

መራጭ ይወድቃል ከምራጭ ይላሉ። እሱ በየት በኩል ይወድቃል? ለመውደቅም እኮ መጀመሪያ መምረጥ ነው! እሷ ናት እንጂ የመረጠችው፤ ትናንት። ከሥራ ገባች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ሄዳ በእሱና በቴሌቪዥኑ መሃል ቆመች። "ሰው ለትዳር ጠይቆኛል፣ ምን ልመልስለት?" አለችው። እኔ ጓዳ ሆኜ፣ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይጮኻል፣ አሁን እግሯ ላይ ይወድቃል አልኩ… አንገቱን ዘንበል አደረገ። በጎኗ አሻግሮ ጨዋታውን እያየ "እስቲ እናያለን" አለ።

አልተቆጣችም ልጄ። ከፊቱ ዞር አለችለት፣ እንዲታየው። ጫማዋን አወለቀች፣ ጓዳ መጣችና "እትዬ፣ ነገ እሺ ብላለች በይልኝ" አለችኝ። ለማን እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ? አንድ ዲሽ ሰሪ ሳያውቅ አይቀርም… ኧረ ተቀመጥ፣ ተቀመጥ! ወንበሩ ከኋላህ ነው። ውሃ ጠጣ። እሑድ ምሳ እኛ ጋ ነህ። መሰላል አያስፈልግህም፣ በበሩ ነው የምትገባው።

ያን ካርቶን ግን አየኸው? ዘቅዝቆ ነው የያዘው። ቆይ፣ አትቀበለው፤ ማንበቡን ይጨርስ። ይኸው ስንት ዘመን የጠበቅነው፣ አሁን ምን ያስቸኩለናል?

በል ይሄን የሚያቆመውን ጠቅልልልኝ። … የለም፣ ለኛ ቤት አይደለም። ለእሱ ነው፣ ለገዛ ቤቱ። የላከችው እሷ ናት፤ ስጦታ ነው። የሰው ሶፋ ጀርባ ያማል፣ ከእንግዲህ በቤቱ ተደላድሎ ይይ። "ያለ ወርሃዊ ክፍያ" የሚለው ጽሑፍ በላይ በኩል ይሁን፣ እንዳይሸፈን። ጣሪያውም ላይ ወጥተህ አስተካክልለት፤ ቅር አይልህም አይደል? ዛሬ ሰማይ ብትወጣም የሚደክምህ አይመስለኝም።

እኔ ደግሞ ሰው መርቄ ነው የምሸኘው። ቤታችን ኖሯል፣ ሻያችንን ጠጥቷል፣ እህቴ በሞት አልጋዋ ላይ እጁን ይዛዋለች። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጠው። ዓይኑን ይጠብቅለት፣ መነጽር እንኳ አያሻው። እናያለን እናያለን እንዳለ አይቅርበት… ከፊተኛው ወንበር አስቀምጦ፣ ሰው ሳይጋርደው፣ ምንም ሳይከፍል፣ ስታገባ ለማየት ያብቃው። አሜን በል እንጂ!